ሳሉ ከብርዱ ነው ወይስ ከክኒኑ?

ጎንደር ላይ ሰው ካሳለ ምክንያት አይጠፋም። ብርዱ አለ። አቧራው አለ። የማገዶ ጭስ አለ። ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ከሆነማ ጠያቂም የለ፤ «ብርድ መታኝ» ብሎ ጋቢ ደረብ፣ ዝንጅብል በማር ፉት፣ በቃ። ሳምንት ይጠበቃል። ሳምንቱ ወር ሲሞላ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። እዚያ ያለው ሐኪምም ሥራውን ነው የሚሠራው፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢን ነው፣ ማሰብም አለበት። አክታ ይመረመራል፣ ራጅ ይታዘዛል፣ ሁለቱም ንጹሕ ይሆናል። አንድ ዙር አንቲባዮቲክ ይሞከራል። ሳሉ ግን እዚያው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቁም ሣጥን ላይ በፌስታል የተቀመጠችውን የግፊት ክኒን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ለምን ትታይ? የተሰጠችው ለግፊት ነው። ግፊትና ሳልን ምን አገናኛቸው?

ይገናኛሉ። አዲስና ግራ የሚያጋባ ሕመም ሲመጣ «ምን በሽታ ያዘኝ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን አንድ ሌላ ጥያቄ መግባት አለበት፦ «ይህ ከመጀመሩ በፊት ምን መዋጥ ጀመርኩ? መቼ?» ከወዲሁ ልናገር፣ ይህን አንብቦ ማንም ክኒኑን እንዲጥል አይደለም የምጽፈው። ለምን እንደማይጣል ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አዘዞ ያለችው አክስቴ ከላይ የጻፍኩትን መንገድ አንድ በአንድ ሄዳዋለች። ዳማከሴ ሳይቀር ሞክራለች። መላ የተገኘው ክኒኗ አልቆባት፣ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ የሚሠራ ወዳጄ ዘንድ ይዣት ስሄድ ነው። መስኮቱ ጋ ቆማ ስታስል ሰማትና ጀመረ።

«እማማ፣ ይህቺን ክኒን መቼ ነው የጀመሯት?»

«እንጃ ልጄ፣ ቆየሁ።»

«ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነው እንጂ። ለጥምቀት ከተማ ስመጣ ይዣት ነበር።»

«ያኔ ያስልዎት ነበር?»

«ኧረ የለም! ታቦቱን እልል እያልኩ ነው የሸኘሁት። ሳሉ ሁዳዴ ሲገባ ነው የጀመረኝ።»

«አክታ አለው?»

«ደረቅ ነው። ጉሮሮዬን ይበላኛል። ጋደም ስል ደግሞ ይብሳል።»

ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ አየው። ኢናላፕሪል። ክኒኑን አልቀማትም፤ «እንዳያቋርጡት፣ ግን ቶሎ ብለው ይህን ለሐኪምዎ ያሳዩ» ብሎ በብጣሽ ወረቀት ሁለት መስመር ጻፈላት። ሐኪሟ አይቶ ወደ ሎሳርታን ቀየረላት። ሳሉ በማግስቱ አልጠፋም፣ እንዲያውም አክስቴ «ይሄኛውም ያው ነው» ብላ ማማረር ጀምራ ነበር። ለጰራቅሊጦስ ግን ሳሉ የለም።

አጠያየቁን ልብ በሉ። ቀን አልጠየቃትም። አክስቴን «በስንት ቀን ጀመርሽ?» ብትሏት ትከሻዋን ነው የምትነቀንቀው። በዓሉን ግን አትረሳም። ቤት ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ምን ሆኖ እንደታመመ ለማወቅ ስትፈልጉ፣ በጥምቀት፣ በፍልሰታ፣ በመስቀል፣ በረመዳን፣ በልጅ ሠርግ ጠይቁት። ከክኒኑና ከሕመሙ የቱ እንደቀደመ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ኢናላፕሪል ግፊት የሚያወርደው አንድ ኢንዛይም በማገድ ነው። ያ ኢንዛይም የደም ሥር የሚያጠብ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ሲታገድ የደም ሥሩ ላላ ይላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ያው ኢንዛይም ሌላም ሥራ አለው፣ ብራዲካይኒን የሚባል ነገር ይሰባብራል። ሰባሪው ሲታሰር ብራዲካይኒኑ መተንፈሻ አካባቢ ይጠራቀምና የሳል ነርቮችን ይቆሰቁሳል። የሚያስለው ሳንባው ታሞ አይደለም። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ መሆኑ ልክ ነው፣ አክታውም ንጹሕ መሆኑ ልክ ነው፣ ማሽኑም አልተሳሳተም።

ካፕቶፕሪልም፣ ሊዚኖፕሪልም፣ ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቅ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ይህን ሳል ሊያመጡ ይችላሉ። አንዱን «ፕሪል» በሌላ «ፕሪል» መቀየር ብዙ ጊዜ የማይጠቅመውም ለዚህ ነው። ሎሳርታን ያንን ኢንዛይም አይነካም። ሳሉ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። ሰውን የሚያሳስተው ደግሞ ሰዓቱ ነው፤ አንዳንዱ ላይ በቀናት ይጀምራል፣ አንዳንዱ ላይ ከሳምንታት፣ ከወራትም በኋላ። ክኒኑ ከቆመ በኋላም ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፣ እስከ 3 ወር የሚቆይበትም አለ። ሰው ግን ልቡ የሚጠረጥረው ትናንት የበላውን ነው።

ሳሉ ያሰለቻል እንጂ አይገድልም። ከዚሁ ቤተሰብ የሚመጣ አንድ አደገኛ ነገር ግን አለ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ካበጠ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ክኒኑን ለዓመታት ያለ ምንም ችግር የዋጠ ሰው ላይም ይከሰታል፣ ስለዚህ «ለምጄዋለሁ እኮ» አይሠራም።

ወደ እግር እንሂድ። ሌላው ብዙ ሰው የሚወስደው የግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ግን አንዳንዱ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ማታ አልገባ ይላል። ካልሲው ሲወልቅ መስመሩ ቆዳ ላይ ታትሞ ይቀራል። ሰውየው «ኩላሊቴ ነው» ብሎ ይደነግጣል፣ ጎረቤት «ልብህ ነው» ይለዋል። ሁለቱም ሊሆኑ ስለሚችሉ መመርመር አለበት። ግን ምርመራው ጤነኛ ከሆነስ? እዚህ ጋ ነው መንገዱ የሚጣመመው። ሽንት የሚያበዛ ክኒን፣ ለምሳሌ ፉሮሴማይድ ይጨመርለታል። ያ ክኒን ሌሊት ሲያመላልሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ፖታሲየሙን ሲያወርድበት ደግሞ ባቱን ቁርጥማት ይይዘዋል። ለቁርጥማቱ የሕመም ማስታገሻ ይገዛል። ማስታገሻው ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ለግፊቱ የአምሎዲፒኑ መጠን ይጨመራል። እግሩ የባሰ ያብጣል።

ዙሩን አያችሁት? ከአንድ ዓይነት ክኒን ተነስቶ ሦስት ዓይነት ደረሰ፣ የመጀመሪያው ችግር ግን እዚያው እንደቆመ ነው። እኔ ከጎንዮሽ ጉዳት ሁሉ ይህኛውን ነው አብዝቼ የምፈራው፤ አንዱ መድኃኒት ያመጣው ነገር እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝለት። ሐኪሞቹ አላዋቂ ሆነው አይደለም። አንዱ ሐኪም ክኒኑን ጀመረ፣ ሌላው በተረኛነት እብጠቱን አየ፣ ካርዱ ወፍራም ነው፣ ደጅ ላይ ሰልፍ አለ። የአምሎዲፒን እብጠት እኮ ውኃ በሰውነት ስለበዛ የሚመጣ አይደለም። መድኃኒቱ ደም የሚያመጡትን ትንንሽ ቧንቧዎች ያሰፋል፣ የሚመልሱትን ግን እምብዛም አያሰፋም፤ ስለዚህ ፈሳሹ በግፊት ወደ ሥጋው ይንጠባጠባል። ሽንት ማብዛት ብዙ የማይረዳውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ነው፣ እሱም በሐኪም።

ማስታገሻን ካነሳሁ አይቀር፣ የጎንደር ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ አንድ መሳቢያ አለ። ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል ዘመድ ሲመጣ ያመጣው የመድኃኒት ብልቃጥ የሚቀመጥበት። «ከውጭ የመጣ ነው፣ ጎበዝ ነው» ይባላል። አድቪል የሚለው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ኢቡፕሮፌን ነው፤ እዚሁ ፋርማሲ የሚሸጠው ያው ኢቡፕሮፌን። ዲክሎፈናክም የአንድ ወገን ነው። እነዚህ ጨው በሰውነት ያስቀራሉ፣ ግፊት ያወጣሉ፣ ጨጓራ ያቆስላሉ። ኢናላፕሪልና የሽንት ክኒን አብሮ የሚወስድ ሰው ላይ ሲጨመሩ ደግሞ ሦስቱ ተባብረው ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ታይሌኖል የሚለው ፓራሲታሞል ነው። ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ ጉበት ይጎዳል። ጉንፋን ሲይዘው ታይሌኖል ከመሳቢያው፣ ፓራሲታሞል ከሱቅ፣ ሌላ የጉንፋን ክኒን ከፋርማሲ የሚወስድ ሰው አንድን መድኃኒት በሦስት ስም እየዋጠ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ተዉት፣ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ።

ሰዓቱ ነገር ወሳኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንዳንዱ ጉዳት በሰዓታት ይመጣል። ለማስታወክ የሚሰጥ፣ ብዙዎች ፕላሲል በሚል ስም የሚያውቁት ሜቶክሎፕራማይድ አለ። አብዛኛው ሰው ላይ ምንም አያመጣም። አንዳንድ ልጆችና ወጣቶች ላይ ግን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ አንገት ወደ ጎን ይጠማዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ አልታዘዝ ይላል። ልጅቱ ሁሉንም ትሰማለች፣ መናገር ግን ያቅታታል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል እናውቃለን። «ቡዳ በላት» ይባላል፣ ጠበል ይኬዳል። በጠበሉ ላይ ምንም የለኝም። ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፦ ዛሬ ወይም ትናንት ክሊኒክ ሄዳ መርፌ ተወግታለች? ክኒን ተሰጥቷታል? ከሆነ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፣ የተሰጣትንም ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን የዶፓሚን መልእክት ስላገደ ነው የተጠማዘዘችው፤ ማርከሻ መርፌ አለው፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃታል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያ የመድኃኒት ስም ካርዷ ላይ በጉልህ ይጻፍ፣ እናትየዋም በቃሏ ትያዘው።

ሌላው ጉዳት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል፣ ለዚህም ማንም አይጠረጥረውም። የስኳር ሕመምተኛ ለረጅም ጊዜ ሜትፎርሚን ሲወስድ ከምግብ የሚገኘው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን በደንብ አይገባለትም። ቀስ እያለ ክምችቱ ያልቅና እግር መደንዘዝ፣ መውረር፣ ድካም ይመጣል። ታዲያ ስኳርም ራሱ ነርቭ ጎድቶ እግር ያደነዝዛል። «የስኳሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ ብዙ ጊዜም የስኳሩ ነው። ግን የቢ12ቱ ከሆነ ቫይታሚኑ ሲተካ ሊሻሻል ይችላል፣ ስለዚህ መጠየቁ ዋጋ አለው። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው፤ ጾም ለማያጓድል ሰው ጥያቄው የበለጠ ይገባዋል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድም እግር ያደነዝዛል፣ እሱ ደግሞ የሚነካው ቢ6ን ነው። አብሮ የሚሰጠው ትንሽ የቫይታሚን ክኒን ለጌጥ አይደለም።

ጾምን ካነሳን ስለ ግሊቤንክላማይድ ሳልናገር አላልፍም። ይህ የስኳር ክኒን ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» ብሎ ይገፋል፣ ምግብ ይኑር አይኑር ግድ የለውም። ሰውየው ሁዳዴ ነው፣ ሌሊት ተነስቶ ክኒኑን ውጦ ቅዳሴ ይገባል፣ እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም። አራት ወይም አምስት ሰዓት ላይ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ንግግሩ ይምታታል። «ጾሙ ነው፣ ደከመኝ» ይላል። ጾሙ ብቻ አይደለም፣ የደም ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ዝም ከተባለ ራስን እስከመሳት ያደርሳል። ምልክቱ እንደታየ፣ ራሱን ሳይስት፣ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ለስላሳ ይጠጣ። በረመዳን የሚጾምም ያው ነው፣ ሰዓቱ ነው የሚለየው። የሚሻለው ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ማማከር ነው፣ መጠኑና ሰዓቱ ይስተካከላል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። የነፍስ አባትም ቢሆኑ ለታመመ ሰው ምን እንደሚሉ ጠይቋቸው፣ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ለታመመ ይራራሉ።

እሺ፣ ባለሙያዎቹ «ይህ ከመድኃኒቱ ነው» የሚሉት በምን ተነስተው ነው? በግምት ብቻ አይደለም። በ1981 እንደ ፈረንጆቹ ናራንጆ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያወጡት የ10 ጥያቄ መለኪያ አለ፣ እስካሁን ይሠራበታል። ሕመሙ የመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ነው? ይህን እንደሚያመጣ ቀድሞ ይታወቃል? ሲቆም ተሻለው? ተመልሶ ሲወሰድ ተመለሰ? መጠን ሲጨመር ባሰ? ይህን ሊያመጣ የሚችል ሌላ ምክንያት የለም? በዚሁ ዓይነት ይቀጥልና ለመልሱ ነጥብ ይሰጣል፤ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የተረጋገጠ፣ ከ5 እስከ 8 በጣም የሚመስል፣ ከ1 እስከ 4 ሊሆን የሚችል፣ ዜሮና ከዚያ በታች አጠራጣሪ ይባላል። የአክስቴን ጉዳይ በዚህ ብናስገባው ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ደግማ ኢናላፕሪል ውጣ ሳሉ ቢመለስ ነጥቡ ይጨምር ነበር፣ ግን ለነጥብ ተብሎ ማን ያስላል? ይህ መድኃኒቱን ዳግም የመውሰድ ሙከራ ቤት ውስጥ አይደረግም፤ ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ያመጣ መድኃኒት ሁለተኛ ሲመጣ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል።

አሁን የማልወደውን ግን እውነት የሆነውን ልበል። ጥርጣሬ ራሱ ያሳምማል። በካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ረጅም ወረቀት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ ተርጉሞ ለእናቱ ካነበበላት በኋላ፣ ማታውኑ ከተዘረዘረው ግማሹ ሊሰማት ይችላል። በ2020 እንደ ፈረንጆቹ እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ሳምሰን የሚባል ጥናት አለ። ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡ 60 ሰዎች ተሳተፉ። አንዳንድ ወር እውነተኛውን ክኒን፣ አንዳንድ ወር ምንም የሌለበትን ባዶ ክኒን፣ አንዳንድ ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ አንድ ዓመት ስሜታቸውን በየቀኑ መዘገቡ። በባዶው ክኒን የተሰማቸው ሕመም በእውነተኛው ከተሰማቸው 90 በመቶውን ያህል ሆነ። ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት አይደለም፣ በትክክል አሟቸዋል፤ ምንጩ ግን በአብዛኛው ክኒኑ ውስጥ ያለው ነገር ሳይሆን ክኒን መዋጡና ይጎዳኛል የሚለው ስጋት ነበር። ውጤታቸውን ካዩ በኋላ ግማሾቹ መድኃኒቱን እንደገና ጀመሩ።

ወረቀቷንም ስታነቡ ቃላቱ ልክ አላቸው። «በጣም የተለመደ» የሚለው ከ10 ሰው ቢያንስ 1 ላይ የሚታይ ነው። «የተለመደ» ከ100 ቢያንስ 1 ነው። «አልፎ አልፎ» ከ1,000 ቢያንስ 1፣ «እምብዛም» ከ10,000 ቢያንስ 1። ከዚያ በታች ያለው ተጽፎ ቢያስፈራም እናንተ ላይ የመድረሱ ዕድል ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ፤ ለምን አይጣልም? አንዳንድ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የሚያመጣው መዘዝ ከጉዳቱ ይብሳል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ፊቱ ስለከበደና ስኳሩ ስለወጣ ተናዶ በአንዴ ቢያቆመው፣ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ስለነበር ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። የልብ ምት የሚቀንሰው ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቆም ልብ ላይ አደጋ አለው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታልማ ጨርሶ አይሞከርም፣ ተከታታይ መጣል ያመጣል። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ይለምዳል። የግፊት ክኒን የጣለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን ጎኑን ይመታዋል። ሳይጠየቅ ወዲያው ሐኪም ጋ የሚያስሮጠው ግን የፊትና የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከአፍና ከዓይን ቁስለት ጋር የመጣ ሽፍታ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ጥቁር ሰገራና ራስን መሳት ነው፤ ከላይ ያነሳሁት የአንገት መጠማዘዝና የስኳር መውረድም እዚሁ ይገባሉ። ሌላው እስከ ቀጠሮ ሊቆይ ይችላል፣ ቀጠሮው ከራቀ ደግሞ ፋርማሲስቱ አለ። ፋርማሲስት ክኒን ቆጥሮ የሚያስረክብ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከእሱ የተሻለ የሚጠየቅ የለም፣ ካርድም አያስወጣም።

ስትሄዱ ምን ትይዛላችሁ? ሁሉንም። ቤት ያለውን ክኒን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከነካርቶኑ ውሰዱት፤ ከሆስፒታል የተሰጠውን፣ ከመሳቢያው የመጣውን፣ ጎረቤት ያካፈላችሁን፣ የዓይን ጠብታውን፣ የእርግዝና መከላከያውን። የባህል መድኃኒት ከወሰዳችሁም አትደብቁ። ሐኪም ይቆጣኛል ብሎ ኮሶ መጠጣቱን የሚደብቅ ሰው ብዙ ነው፣ ሐኪሙ ግን ያልተነገረውን ነገር ሊጠረጥር አይችልም። እያንዳንዱ መቼ እንደተጀመረ በበዓልም ቢሆን አስታውሳችሁ ጻፉ። ጥያቄው ደግሞ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ «ዶክተር፣ ይህ ሕመም ከምወስደው መድኃኒት ሊሆን ይችላል?» ክስ አይደለም፣ ሐኪሙም አይከፋም፤ ቢከፋም ጥያቄው ተጠይቋል።

ከመድኃኒቱ ሆኖ ከተገኘስ? መድኃኒቱ ተቀይሮ ጉዳዩ ተዘጋ ይባላል፣ አልተዘጋም። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያዘጋጀው፣ የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ አለ፣ በጤና ተቋማት ባለሙያዎች የሚሞሉት። በነጻ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ መናገርም ይቻላል። መረጃው ስዊድን ኡፕሳላ ካለው፣ የመድኃኒት ጉዳትን ከየአገሩ መረብ ከሚሰበስበው የዓለም ማዕከል ይደርሳል፤ ኢትዮጵያ የዚህ መረብ አባል የሆነችው በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ነው። መረቡ ራሱ በ1968 እንደ ፈረንጆቹ የተቋቋመው በመከራ ነው። ከዚያ በፊት ታሊዶማይድ የሚባል ክኒን ለነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ እየተሰጠ፣ በ10,000 የሚገመቱ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሠራ ተወለዱ። በ1961 እንደ ፈረንጆቹ ከገበያ የተነሳው ጥቂት ሐኪሞች እናቶቹን «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ወስደሽ ነበር?» ብለው ስለጠየቁ ነው።

ለጎንደር ይህ ቅጽ የተለየ ትርጉም አለው። ከመተማና ከሁመራ እርሻ ሠርተው ሲመለሱ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛር የያዛቸው ወጣቶች እዚህ ነው የሚታከሙት። በተለምዶ የሚሰጣቸው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ለ17 ቀን በየቀኑ በመርፌ ነው፤ የመጀመሪያው ቆሽትና ልብ ሊነካ ይችላል፣ ሁለተኛው ጆሮ። ይህንን ጥምረት በብዛት የሚጠቀሙት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ናቸው። ለግፊት ክኒን ቶሮንቶም ለንደንም ሪፖርት የሚጽፍ ሞልቷል። የእነዚህን ግን ከእኛ አካባቢ ካልተጻፈ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መርፌውን እየተወጋ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ሆዴን ወደ ጀርባዬ ይወጋኛል የሚል ልጅ ካለ «የበሽታው ነው፣ ቻለው» አትበሉት። ለነርሷ በዚያው ቀን ይናገር፣ ቅጹም ይሞላ። ቅጹ የመድኃኒቱን የምርት ቁጥር ይጠይቃል፣ ቁጥሩ ያለው ብልቃጡና ካርቶኑ ላይ ነው፤ ክኒን ለምትወስዱም ያው ነው፣ ካርቶኑን ሳትጨርሱ አትጣሉት።